በተለያየ ቦታ ሆናችሁ አንድ ትርኢት በቀጥታ ለማቅረብ፦ ከመዘግየት ልኬት እስከ ስርጭቱ መዝጊያ

«አምስት ሆነን፣ በአምስት ቦታ ተቀምጠን፣ አንድ ሙዚቃ በቀጥታ ማቅረብ እንፈልጋለን፤ የትኛውን መተግበሪያ እንጠቀም?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። በሙዚቃ ፈንታ ቲያትር የሚል አለ፣ ግጥም የሚል አለ፣ ውዝዋዜ የሚልም አለ፤ የጥያቄው ጭራ ግን ሁልጊዜ መተግበሪያ ነው። የእኔም መልስ አይለወጥም፤ መተግበሪያ ሦስተኛ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ በመካከላችሁ ያለው መዘግየት ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቀጥሎ ትርኢቱን ለዚያ መዘግየት እንዲመች አድርጋችሁ ትቀርጻላችሁ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያ ትመርጣላችሁ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ቡድን የልምምድ ጊዜውን «ይሰማል?»፣ «አሁንስ?» ሲባባል ይጨርሳል።

መመሪያው አንድ የስርጭት መሪ (የሁሉንም ምስልና ድምፅ ሰብስቦ ለተመልካች የሚልክ ሰው) እና ከሁለት እስከ ስምንት የሚደርሱ አቅራቢዎች ላሉት ቡድን የተዘጋጀ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለእያንዳንዱ አቅራቢ፦

- ኮምፒውተር፣ ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘው የኔትወርክ ኬብል ጭምር
- ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ
- ማይክሮፎንና የድምፅ ካርድ (ለንግግር ብቻ ከሆነ አንድ የዩኤስቢ ማይክሮፎን ይበቃል)
- ካሜራ፤ በማቆሚያ ላይ በአግድም የተቀመጠ ስልክም ይሆናል
- ከካሜራው የተለየ ሌላ ስልክ፣ ለጽሑፍ መልእክት ብቻ
- አንድ የማይንቀሳቀስ መብራት

ለስርጭት መሪው ከእነዚህ በተጨማሪ፦

- ከሁሉም የተሻለው ኮምፒውተር፣ ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተጫነበት
- ተጠባባቂ ኢንተርኔት፣ ለምሳሌ የሞባይል ዳታ
- ለኮምፒውተሩም ለራውተሩም የሚበቃ የባትሪ መጠባበቂያ (ራውተሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ያው ጨለማ ነው)

ፕሮግራሞች፦ ለድምፅ ጃሙለስ፣ ጃክትሪፕ ወይም ሶኖበስ፤ ለምስል ቪዲኦ ኒንጃ ወይም ዙም፤ ሁሉንም ሰብስቦ ለማሰራጨት ኦቢኤስ ስቱዲዮ። ከእነዚህ ውስጥ የጊዜ ገደብ ያለበት ዙም ነው፤ ነፃው አገልግሎት ስብሰባውን በ40 ደቂቃ ይዘጋዋል። ትርኢታችሁ ረዘም የሚል ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት።

ደረጃ 1፦ መዘግየቱን ለኩ

ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመጓዝ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ መድረክ ላይ በ8 ወይም በ10 ሜትር ርቀት የቆሙ ሁለት ሙዚቀኞችም ቢሆኑ እርስ በርስ የሚሰማሙት ከ25 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ዘግይተው ነው። አብሮ የመጫወት ወሰን በግምት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሁለቱም አንዱ ሌላውን መጠበቅ ይጀምራል፤ በየምቱ ትንሽ ትንሽ ሲጠባበቁ ዘፈኑ እየተጎተተ ይሄዳል። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ጎበዝ ሙዚቀኞችም ይጎተታሉ።

በኢንተርኔት ላይ መዘግየት ከብዙ ቦታ ይሰበሰባል። በብርሃን ገመድ ውስጥ 1,000 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በትንሹ 5 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል፤ ገመዱ ደግሞ ቀጥታ መስመር ተከትሎ አይዘረጋም። የድምፅ ካርዱ ቋት (ድምፁ ከመተላለፉ በፊት ለአፍታ የሚጠራቀምበት ቦታ)፣ የራውተሩ ወረፋ፣ የመተግበሪያው መጠባበቂያ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። በተለመደው የቪዲዮ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ ድምሩ በአንድ አቅጣጫ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይሆናል።

ለመለካት ቀላሉ ዘዴ ጭብጨባ ነው። «ሀ» እና «ለ» የምንላቸው ሁለት አቅራቢዎች ለትርኢቱ በሚጠቀሙበት መስመር ላይ ይገናኛሉ። ሀ በሜትሮኖም እየተመራ በእኩል ምት ያጨበጭባል፤ ለ በሚሰማው ጭብጨባ ልክ አብሮ ያጨበጭባል። ሀ በራሱ ኮምፒውተር የራሱንም የ«ለ»ንም ጭብጨባ ይቀዳል። በቅጂው ላይ በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ያለው ርቀት የደርሶ መልሱ መዘግየት ነው፤ ለሁለት ሲካፈል የአንድ አቅጣጫውን ያህል ይሰጣል። ምቱ እኩል መሆኑ አስፈላጊ ነው። ለ የሚቀጥለውን ምት አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ሰምቶ ለመነሣት የሚፈጅበት ጊዜ በልኬቱ ውስጥ አይገባም። ምቱንም ዘገም አድርጉት፤ ከመዘግየቱ ጋር ከተቀራረበ የትኛው ጭብጨባ ለየትኛው መልስ እንደሆነ አይለይም።

ጃሙለስን የምትጠቀሙ ከሆነ ጠቅላላ መዘግየቱን ራሱ ያሳያችኋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ምልክትም አለው። ያም ሆኖ የጭብጨባውን ልኬት አትዝለሉ፤ ጆሯችሁ የሚሰማውን የሚለካው እሱ ነው።

ልኬቱን በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ድገሙት፤ አንዱ ትርኢቱ የሚቀርብበት ሰዓት ይሁን። ጠዋት 30 ሚሊሰከንድ የነበረ መስመር፣ ሰፈሩ በሙሉ ፊልም በሚያይበት የምሽት ሰዓት ሌላ መስመር ነው። ከአማካዩ ይልቅ መዋዠቁን ተመልከቱ፤ ሁልጊዜ 60 የሆነ መስመር፣ አንዴ 20 አንዴ 120 ከሚሆነው በእጅጉ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ትርኢቱን በልኬቱ ልክ ቅረጹ

ቡድኖች ሮጠው የሚያልፉት ይህን ደረጃ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይበት።

የአንድ አቅጣጫው መዘግየት እስከ 30 ሚሊሰከንድ ከሆነ አብራችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ድምፁ በጃሙለስ፣ በጃክትሪፕ ወይም በሶኖበስ ይሂድ። ምስሉ በሌላ መስመር ስለሚመጣ ከድምፁ ይዘገያል፤ ስለዚህ ማንም ሰው የሌላውን እጅ ወይም ከንፈር እያየ አይግባ። አይን ይታለላል፤ ጆሮ ብቻ ይመራ።

ከ30 እስከ 60 ገደማ ከሆነ ዘገም ያለ፣ አነሣሡ ለስላሳ የሆነ ሙዚቃ ይቻላል፤ ከበሮ የበዛበት ፈጣን ምት ግን ይፈርሳል። እዚህ ላይ አንድ ሰው ምት ጠባቂ ይሁን፤ ሥራውም ማንንም አለመጠበቅ ነው። ሌሎቹ እሱን ይከተላሉ፤ እሱ ግን የዘገየ መስሎ የሚሰማውን የባልደረቦቹን ድምፅ ችላ ብሎ መቀጠል አለበት። ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ልምምድ ይጠይቃል።

ከዚያ በላይ ከሆነ «በአንድ ጊዜ» የሚለውን ሐሳብ ተዉትና ከሚከተሉት አንዱን ምረጡ።

ሀ) ቅብብሎሽ። የመጀመሪያው ሰው ማንንም ሳይሰማ ይጫወታል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እየሰማ ይጫወትና የሁለቱን ድምፅ ቀላቅሎ ለሦስተኛው ይልካል። ሦስተኛውም እንደዚሁ። ለተመልካች የሚደርሰው የመጨረሻው ሰው ቅልቅል ነው። ድምፆቹ አንድ ላይ ታስረው ስለሚጓዙ፣ ኢንተርኔቱ ቢዘገይም ቢፈጥንም አብረው ይዘገያሉ፣ አብረው ይፈጥናሉ፤ በተመልካቹ ጆሮ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ዋጋው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሰው ባልደረቦቹን ሳይሰማ ብቻውን ነው የሚጫወተው፤ ከሰንሰለቱ መሐል አንዱ ከተቋረጠ ደግሞ ከእሱ በፊት ያለው ድምፅ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከፊት ምት የማይስት ሰው፣ ከመሐል ኢንተርኔቱ የማይቆራረጥ ሰው አስቀምጡ። የቅደም ተከተሉ መስፈርት ይህ ነው፤ የዕድሜና የዝና ተራ አይደለም።

ለ) አቀንቃኝና ተቀባይ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። በመካከል የሚፈጠረው ክፍተት የሙዚቃው አካል እንዲሆን ከመጀመሪያው ቦታ ስጡት፤ አንድ ሙሉ ምት ዝም ማለት ይበቃል።

ሐ) ንግግር። ለቲያትርና ለግጥም ሩብ ሰከንድ መዘግየት አይከብድም። የሚበላሸው መደራረብ ነው፤ አንዱ ሌላውን የሚያቋርጥበት ንግግር፣ ፈጣን ምልልስ፣ በአንድ ድምፅ የሚባል ዝማሬ። ተቆርጦ መግባት ያለበትን ንግግር ተናጋሪው ራሱ ይቁረጠው፤ ጽሑፉ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እንዲያቆም አድርጉት። ያቋረጠው ሰው ቢዘገይም ተመልካቹ ድንጋጤ ብሎ ይወስደዋል።

መ) ምት አልባ ድርሰት። ረጃጅም ድምፆች፣ ፉጨት፣ ማንጎራጎር፣ የአካባቢ ድምፅ። መዘግየቱ እዚህ ቢኖርም ባይኖርም አይታወቅም።

ለውዝዋዜ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ተወዛዋዡ ሙዚቃውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ ምስሉም ተመልሶ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሁለቱ መዘግየቶች ይደመራሉ። ሙዚቃው ከስርጭት መሪው ዘንድ የሚነሣ ከሆነ መሪው ለተመልካች የሚልከውን ሙዚቃ በዚያው ድምር ልክ ማዘግየት አለበት፤ አለበለዚያ እግሩ ሁልጊዜ ከምቱ ኋላ ይወድቃል።

ደረጃ 3፦ ሥራ ተከፋፈሉ

የስርጭት መሪው አቅራቢ መሆን የለበትም። ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ተነሥቼ ነው። አንድ ጊዜ እኔው መሪ፣ እኔው አንባቢ ሆኜ ገባሁ፤ ሁለተኛውን አንቀጽ እያነበብኩ ሳለ የአንዱ ባልደረባዬ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። እኔ የራሴን ገጽ እንጂ መለኪያውን አላየሁም፤ ተመልካቹ ለአራት ደቂቃ ዝም ያለ ከንፈር ሲመለከት ቆየ።

ቢቻል ሦስተኛ ሰው ጨምሩ፤ እንደ ማንኛውም ተመልካች ሆኖ በስልኩ፣ በሌላ ኢንተርኔት ስርጭቱን ይከታተል። መሪው የሚያየው የሚወጣውን ነው፤ የሚደርሰውን የሚያየው ይህ ሰው ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ኢንተርኔቱን አስተካክሉ

ኬብል ሰኩ። ዋይፋይ ፍጥነቱ ጥሩ ቢሆንም ከጎረቤት ራውተር፣ ከግድግዳና ከማይክሮዌቭ ምድጃ ጋር ስለሚጋፋ መዘግየቱ ይዋዥቃል። መዋዠቁን ለመሸፈን ፕሮግራሞቹ ቋታቸውን ያሰፋሉ፤ ያ ደግሞ በራሱ መዘግየት ነው። ኬብል ጨርሶ ካልተገኘ በ5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ፣ ከራውተሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ቀጥሎ ሒሳቡን ሥሩ። የሚታየው የመላኪያ ፍጥነት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚኩራራበት የመቀበያው ፍጥነት እዚህ ብዙም አይረዳም። ስድስት ሰዎች እርስ በርስ በቀጥታ የሚተያዩ ከሆነ እያንዳንዱ ምስሉን አምስት ጊዜ ይልካል፤ አንዱ ምስል 1.5 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሆን 7.5 ሜጋቢት ማለት ነው። ስድስቱም ለመሪው ብቻ ቢልኩ ግን እያንዳንዱ 1.5 ይልካል፤ መሪው 9 ይቀበላል፣ ለተመልካች ደግሞ አንድ ስርጭት ያወጣል። በቪዲኦ ኒንጃ እንግዶች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ማድረግ ይቻላል፤ ኢንተርኔት ለሚያንሳቸው ቡድኖች ይህ አንድ ለውጥ ብቻውን ትርኢቱን ያድናል።

ያልተጨመቀ ድምፅም ቦታ ይይዛል፤ በ48 ኪሎኸርትዝ (በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና) እና በ16 ቢት አንድ ቻናል 768 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። ድምሩ ከተለካው የመላኪያ ፍጥነታችሁ ግማሽ ገደማ እንዳያልፍ አድርጉ። ቀሪው ለክፉ ጊዜ ነው።

በመጨረሻም የስልክና የኮምፒውተር ማዘመኛዎችን፣ የፎቶ መጠባበቂያ ቅጂዎችንና የመሳሰሉትን አጥፉ። እነዚህ ትርኢቱ ሲጀመር የመንቃት ልማድ አላቸው።

ደረጃ 5፦ ድምፁን አስተካክሉ

ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የሚቆራረጥ ድምፅ ግን ወዲያው ያባርረዋል። ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

የጆሮ ማዳመጫው ባለገመድ የሚሆነው ብሉቱዝ በራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚጨምር ነው። በደረጃ 1 በስንት ልፋት ያተረፋችሁትን በአንድ ጊዜ ይበላዋል። በድምፅ ማጉያ መስማት ደግሞ የባሰ ነው፤ የባልደረባችሁ ድምፅ ከማጉያው ወጥቶ ወደ ማይክሮፎናችሁ ይገባና ራሱን በማስተጋባት ይመለስበታል።

የሁሉም ሰው የድምፅ ካርድ በ48 ኪሎኸርትዝ ይሁን። አንዱ 48 ሌላው 44.1 ሲሆን ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ቃናው ይለወጣል ወይም አንዳንዱ ፕሮግራም ጨርሶ ለመገናኘት እምቢ ይላል።

ቋቱን በ128 ናሙና ጀምሩ፤ በ48 ኪሎኸርትዝ ይህ 2.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ድምፁ ጠቅ ጠቅ ካለ ወደ 256 ከፍ አድርጉ፤ ንጹሕ ከሆነ 64ን ሞክሩ። ማሳነሱ መዘግየት ይቀንሳል፣ ግን ኮምፒውተሩን ያስጨንቀዋል። በዊንዶውስ ኤሲዮ የሚባለውን የድምፅ ነጂ (ካርዱን ከፕሮግራሙ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ተጠቀሙ፤ የተለመደው መንገድ በቋት ላይ ቋት ይደርባል።

በቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያዎች ውስጥ ጩኸት መቀነሻውን፣ ማስተጋባት ማጥፊያውንና ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን አጥፉ። እነዚህ የተሠሩት ለንግግር ነው፤ የተሳበ የክራር ወይም የዋሽንት ድምፅ ሲሰሙ የአየር ማራገቢያ ጩኸት ይመስላቸውና ይቆርጡታል። በዙም ውስጥ ለሙዚቀኞች የተዘጋጀውን «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ምርጫ አብሩ። ማስተጋባት ማጥፊያው ከጠፋ በኋላ ማዳመጫ የማያደርግ አንድ ሰው ሁሉንም ይረብሻልና ያለማዳመጫ ማንም አይግባ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማዳመጫ ከማድረጋችሁ በፊት የድምፅ መጠኑን እስከ ታች ዝቅ አድርጉ፤ ካደረጋችሁ በኋላ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉት። መስመር ሲገናኝ ድንገት የሚፈጠር ፉጨት ጆሮን ይጎዳል።

ደረጃ 6፦ ምስሉን አስተካክሉ

መብራት ከፊት፣ ካሜራ በአይን ልክ፣ መስኮት ከጀርባ አይሁን። ሁሉም ሰው በሰከንድ 30 ፍሬም ይላክ። መብራቱ በምስል ላይ የሚርገበገብ ከሆነ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ከኤሌክትሪኩ ጋር አስማሙ፤ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርትዝ ከሆነ 1/50፣ 60 ከሆነ 1/60። ብርሃን በራሱ የሚለካውን የካሜራ ምርጫ ቆልፉት፤ አለበለዚያ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው እጁን ባነሣ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙ መተግበሪያዎች የራሳችሁን ምስል እንደ መስታወት ገልብጠው ያሳዩአችኋል። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ዕቃ የማቀበል ጨዋታ ካላችሁ፣ በመስታወቱ እየተመሩ የሚለማመዱ ሰዎች በዕለቱ ዕቃውን ወደ ተቃራኒው ጎን ይዘረጋሉ። መስታወቱን አጥፉ፤ በወለሉ ወይም በግድግዳው ላይ ምልክት ለጥፉ። በስብሰባ መተግበሪያ የሰዎቹ አቀማመጥ በየስክሪኑ ስለሚለያይም «በግራዬ ያለው» የሚለው አነጋገር አይሠራም፤ እውነተኛው አቀማመጥ መሪው በኦቢኤስ የሠራው ነው። የዚያን ሥዕል ለሁሉም ላኩ።

ደረጃ 7፦ ሁሉንም በኦቢኤስ ሰብስቡ

1. ከቪዲኦ ኒንጃ የሚመጣውን የእያንዳንዱን ሰው አድራሻ እንደ ብራውዘር ምንጭ አስገቡ። እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚመጣ መጠኑን፣ ቦታውንና ድምፁን ለየብቻ ትቆጣጠራላችሁ።

2. ድምፁ በጃሙለስ ወይም በሶኖበስ የሚመጣ ከሆነ በቪዲዮው በኩል የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ ዝጉ። ሁለቱም ክፍት ከሆኑ ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ ይናገራል።

3. ድምፅና ምስል አስማሙ። እያንዳንዱ አቅራቢ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ ቅዱና ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ድምፁ ነው። በኦቢኤስ የላቁ የድምፅ ቅንብሮች ገጽ ላይ «ሲንክ ኦፍሴት» በሚለው ቦታ የሚሊሰከንዱን ቁጥር ጻፉ፤ ድምፁ በዚያ ልክ ይዘገያል። ምስሉን ማዘግየት ከፈለጋችሁ «ሬንደር ዲሌይ» የሚባል ማጣሪያ አለ፤ አንዱ እስከ 500 ሚሊሰከንድ ይይዛል።

ቅብብሎሽን የመረጣችሁ ከሆነ ማጣሪያው ግድ ነው። ለምሳሌ ሦስት ሰዎች ካላችሁና ከአንዱ ወደ ቀጣዩ 150 ሚሊሰከንድ ካለ፣ የመጀመሪያው ሰው ድምፅ ለመሪው የሚደርሰው ከምስሉ 300 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምስል በ300፣ የሁለተኛውን በ150 አዘግዩ፤ ሦስተኛውን እንዳለ ተዉት። ሒሳቡ መነሻ ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ቁጥር ጭብጨባው ይንገራችሁ።

4. ለአቅራቢዎች የሚመለሰው ድምፅ የራሳቸውን ድምፅ የሌለበት ይሁን። ሰው የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ሲሰማ ምላሱ ይታሰራል፤ ትምክህተኛ ካለ በዚህ ሞክሩት።

5. አራት ገጾች አዘጋጁ፦ መጠበቂያ፣ ዋና ትርኢት፣ መዝጊያ፣ እና «ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል» የሚል። የመጨረሻውን በአንድ ቁልፍ የሚከፈት አድርጉት።

6. ትርኢቱን በራሳችሁ ኮምፒውተርም ቅዱ፤ የፋይሉ ዓይነት ኤምኬቪ ይሁን። ኤምፒ4 ሲቀዳ ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ ፋይሉ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ኤምኬቪ ግን እስከጠፋበት ድረስ ያለውን ያተርፋል።

ደረጃ 8፦ ወደ ተመልካች ላኩ

በዩቲዩብ ምሳሌ ልስጥ። የቀጥታ ስርጭት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ፈቃዱ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በትርኢቱ ዕለት ጠዋት ይህን የሚደርሱበት ሰዎች በየጊዜው ስለሚጽፉልኝ ደግሜ እላለሁ፤ ከሳምንት በፊት ክፈቱት።

በኦቢኤስ ቅንብር ውስጥ 720 መስመር፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ለምስል ከ3,000 እስከ 4,000 ኪሎቢት፣ ለድምፅ 160 ኪሎቢት፣ ቁልፍ ፍሬም (ሳይቀነስ ሙሉውን የሚላከው ምስል) በየ2 ሰከንዱ አድርጉ። የኪሎቢቱ መጠን የማይዋዥቅ ዓይነት ይሁን። 1080 ካላለ የማይረካ ሰው በቡድናችሁ ካለ፣ በስልክ የሚያይ ተመልካች ልዩነቱን ብዙም እንደማያስተውል ንገሩት።

ዩቲዩብ ሦስት የመዘግየት ምርጫ አለው። ከተመልካች ጋር በጽሑፍ መመላለስ የትርኢቱ አካል ካልሆነ መደበኛውን ምረጡ። መዘግየቱ በጣም ሲያንስ የተመልካቹ መጠባበቂያም ስለሚያንስ ስርጭቱ ቶሎ ይንጠለጠላል። በአቅራቢዎች መካከል ያለው መዘግየትና ከተመልካች ጋር ያለው መዘግየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው 20 ሰከንድ ቢሆን ለትርኢቱ ምንም አይጎድለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ የስርጭት ቁልፉ (ኦቢኤስን ከዩቲዩብ ገጻችሁ ጋር የሚያገናኘው ኮድ) የይለፍ ቃል ማለት ነው። በስክሪን ፎቶ ወይም በልምምድ ቅጂ ላይ ከታየ ወዲያውኑ ቀይሩት፤ ያገኘው ሰው በእናንተ ገጽ ላይ የፈለገውን ሊያሰራጭ ይችላል። የሌላ ሰው የተቀዳ ሙዚቃ በጀርባ የምታሰሙ ከሆነም ፈቃድ ይኑራችሁ፤ መድረኮቹ በራሳቸው ለይተው ስርጭቱን መሐል ላይ ሊያቆሙት ይችላሉ። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ አታድርጉ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ተመልካች ሊጎዳ ይችላል።

ደረጃ 9፦ የጀርባ መስመር ክፈቱ

በስልክ፣ ድምፅ በሌለው የጽሑፍ ቡድን ውስጥ ሁሉም ይግባ። ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ ጊዜ ያለው ሰው ስለሌለ ቁጥሮች ተስማሙ፦ 1 ድምፅህ የለም፣ 2 ድምፅህ በዝቷል፣ 3 ምስልህ ቆሟል፣ 4 ቀጥል ሁሉም ደህና ነው፣ 5 ወደ ተጠባባቂው እናልፋለን። አራተኛው ትርፍ ይመስላል፤ ግን ብቻውን በባዶ ክፍል ለሚጫወት ሰው በየአምስት ደቂቃው «4» ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 10፦ ብልሽቱንም ተለማመዱ

አንድ ሙሉ ልምምድ በግል ስርጭት፣ በትርኢቱ ሰዓት፣ በትርኢቱ ልብስና መብራት አድርጉ። ከዚያ ሌላ ልምምድ አድርጉና መሪው ሳያስጠነቅቅ የአንዱን ሰው መስመር ይቁረጥ። ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ? ይቀጥላሉ? ማን ክፍተቱን ይሞላል? የተቆረጠው ሰው ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ይህን በልምምድ ያላየ ቡድን በመድረክ ላይ ያየዋል። የመሪው ኮምፒውተር ቢወድቅ ስርጭቱን የሚቀጥል ሁለተኛ ሰውም ያው የኦቢኤስ ቅንብር ተጭኖለት ይጠብቅ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

የስርጭቱን ገጽ ድምፁ ሳይዘጋ መክፈት። ከ15 ወይም ከ20 ሰከንድ በፊት ያላችሁት ተመልሶ ይመጣና በማይክሮፎኑ ገብቶ ዳግም ይወጣል። ተመልካቹ ሁለት ትርኢት በአንድ ጊዜ ይሰማል።

ምስሉ ሲቆራረጥ ሁሉንም ቅንብር በአንድ ጊዜ መቀየር። ኦቢኤስ የመለኪያ ገጽ አለው፤ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። በኔትወርክ ምክንያት የወደቀ ፍሬም ከበዛ የኪሎቢቱን መጠን ቀንሱ። በኢንኮዲንግ (ምስሉን ለመላክ በመጭመቅ) ምክንያት የተዘለለ ፍሬም ከበዛ ሥራው ለኮምፒውተሩ ማቀነባበሪያ (ሲፒዩ) ከብዶታል፤ የምስሉን መጠን ቀንሱ ወይም ሥራውን ለግራፊክስ ካርዱ ስጡ። ሦስተኛው፣ ሥዕሉን በማዘጋጀት ላይ የዘገየው ከሆነ ግራፊክስ ካርዱ ራሱ ተጨናንቋልና ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ። ምክንያቱ ሦስት ነው፤ መድኃኒቱም ሦስት።

በየቤቱ የተቀዳውን ድምፅ በኋላ አገናኛለሁ ብሎ የመጀመሪያውን ጭብጨባ ብቻ መያዝ። ሁለት የድምፅ ካርዶች 48 ኪሎኸርትዝ ቢሉም ሰዓታቸው ፍጹም አንድ አይደለም። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። መጨረሻም ላይ አጨብጭቡ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ቅጂውን ምን ያህል መሳብ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

በመጨረሻው ቀን ፕሮግራሞችን ማዘመን። አይሆንም። የሠራውን አትንኩ።

ደረጃ 11፦ በዕለቱ

ከ90 ደቂቃ በፊት ሁሉም ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው እንደገና ያብሩ፤ የማሳወቂያ መልእክቶችን ይዝጉ፤ ከጀርባቸው በካሜራ የሚታይ ደብዳቤ፣ አድራሻ ወይም የቤተሰብ ፎቶ ካለ ያንሡ። ከ60 ደቂቃ በፊት መስመሩ ይገናኝ፣ ጭብጨባው ይደገም፤ የኢንተርኔቱ መንገድ ሊቀየር ስለሚችል የትናንቱ ቁጥር ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። ከ20 ደቂቃ በፊት የመጠበቂያው ገጽ ለተመልካች ይከፈት፤ ሦስተኛው ሰው ድምፅም ምስልም መድረሱን ያረጋግጥ። ከዚህ በኋላ ማይክሮፎን ሁሉ ክፍት እንደሆነ ቁጠሩት።

ትርኢቱ ሲያልቅ መሪው መጀመሪያ ወደ መዝጊያው ገጽ ይሻገር፣ ለ30 ሰከንድ ያቆየው፣ ከዚያ ስርጭቱን ያቁም። ተመልካቹ ከእናንተ ወደኋላ ስለሆነ የመጨረሻው ቃል ከመድረሱ በፊት መስመሩን የሚዘጉ ብዙዎች ናቸው። አቅራቢዎች ደግሞ ሦስተኛው ሰው በስልኩ ላይ ስርጭቱ መዘጋቱን አይቶ በጀርባ መስመሩ እስኪጽፍ ድረስ በቦታቸው፣ ፈገግ እንዳሉ ይቆዩ። ስለ ባልደረባችሁ የተሳሳተ ምት የምትሉትን ከዚያ በኋላ በሉ።